ከአሶሳ እስከ ደላስ፦ የሁለቱን በር ወረቀት ሳይቸግረን እናውጣ

በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በመንጌ ወይም በኩርሙክ ተወልዳችሁ ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወደ አገር ቤት የምንሄደው ብዙ ጊዜ አቅደን አይደለም። እናት ትታመማለች፤ የወንድም ሰርግ ይደርሳል፤ መርዶ ይመጣል። ትኬት በአንድ ሌሊት ይገኛል፤ ወረቀት ግን በአንድ ሌሊት አይገኝም። ብዙው ቤተሰብ ሙስሊም በሆነበት በእኛ አካባቢ ቀብር አይዘገይም። ቢያንስ ለሰደቃው ልድረስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው አንዲት ቀን ብትባክንበት ሐዘኑ እጥፍ ይሆንበታል።

መንገዱ ራሱ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ አሶሳ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የወለጋው መስመር በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ስለተስተጓጎለ፣ ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከቦሌ በአገር ውስጥ በረራ ይቀጥላል። ሲሄዱ ቦሌ ላይ፣ ሲመለሱ ዋሽንግተን ደላስ፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎ ወይም አትላንታ ላይ ሰልፍ ይጠብቃል። እነዚህን ሁለት በሮች የሚያቀሉ ሁለት ሕጋዊ ወረቀቶች አሉ። ብዙዎቻችን ወይ አንዱን ብቻ ይዘናል፣ ወይ ሁለቱንም «በኋላ አወጣዋለሁ» እያልን አሳድረነዋል። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱንም ሳይቸግረን፣ በእውነተኛ መረጃ፣ ልጆቻችንን ጨምረን እናውጣ።

የመመለሻው በር

ግሎባል ኤንትሪ የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው የታመኑ መንገደኞች ፕሮግራም ነው። መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ታሪካችሁን ይመረምራል፣ አሻራ ይወስዳል፣ ፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ካመነባችሁ ለአምስት ዓመት በተለየ መስመር ያሳልፋችኋል። ስትደርሱ ማሽኑ ፊታችሁን ፎቶ አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ ከዚያ ወደ ሻንጣችሁ ነው። ክፍያው ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ 120 ዶላር ሲሆን፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። በዚያው ገንዘብ የአሜሪካ አየር ማረፊያዎችን ፍተሻ የሚያፋጥነው ቲኤስኤ ፕሪቼክ አብሮ ይገኛል።

ጥቅሙን በደንብ የሚያውቀው በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ወይም በዴንቨር የሚኖር ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ ከተማ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ በጉምሩክ መውጣት፣ መልሶ ማስረከብ፣ ከዚያ ሌላ በረራ መያዝ አለበት። ሕፃን ያዘለች እናት ሌሊቱን ሙሉ በአየር ላይ አድራ፣ ቀጣዩ በረራዋ ሊዘጋ እየተቃረበ፣ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ቆማ ማየት ያሳዝናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለዚህ ፈቃድ የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ይዞ ማመልከት ይችላል። በካናዳ ለምትኖሩም ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚያስተዳድሩት ኔክሰስ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ክፍት ነው። ልጆችን በተመለከተ፣ ጨቅላ ሕፃን እንኳ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወላጁ አባል ከሆነ ወይም አብሮ ካመለከተ ግን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ስለዚህ ለራሳችሁ ብቻ አውጥታችሁ ልጆቹን አትተዉ፤ አባት ፈቃድ ኖሮት ልጆቹ ከሌላቸው፣ ከልጆቹ ጋር ሰልፉ መጨረሻ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ማመልከቻው ተመርምሮ ቅድመ ፈቃድ ያገኘ ሰው ለቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ፍለጋ ወራት መጠበቅ የለበትም። ከአገር ቤት ሲመለስ፣ አገልግሎቱ ባለባቸው እንደ ደላስ ያሉ አየር ማረፊያዎች ሲያርፍ እዚያው ያለ ቀጠሮ መጨረስ ይችላል። ጉዞ ያሰበ ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ማመልከቻውን ያስገባ። ማሳሰቢያም አለኝ፦ ፈቃዱ ግሪን ካርድን አይተካም። ቤት ላሠራ ብሎ አሶሳ ላይ ከዓመት በላይ የሚቆይ ቋሚ ነዋሪ፣ ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ስምና የልደት ቀን

እኔ እስካየሁት ድረስ ወገኖቻችንን ቅጹ ላይ የሚያስቸግራቸው ወንጀል ሳይሆን ስም ነው። በአሶሳ ዙሪያ መሐመድ፣ አብዱልቃድር፣ አልመሐዲ የሚሉ ስሞች ብዙ ናቸው። ያው አንድ መሐመድ በአሮጌው ፓስፖርት በአንድ «ኤም»፣ በግሪን ካርዱ በሁለት «ኤም»፣ በመንጃ ፈቃዱ ደግሞ «ኦ» በ«ዩ» ተተክቶ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ ሌላው ላይ ጭራሽ የለም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 1982 መባል ሲገባው፣ በጥድፊያ የተሞላ ቅጽ ኦክቶበር 10 ወይም ጃንዋሪ 1 ይለዋል።

መፍትሔው አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ አይደለም። ዛሬ የምትጓዙበትን ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ ፊደል በፊደል ተከተሉ፤ ከዚህ በፊት የተጻፈላችሁን ሌላ ስም ሁሉ ቅጹ በሚጠይቅበት ቦታ አስፍሩ። ቅጹ የአምስት ዓመት አድራሻ፣ ሥራና የሄዳችሁባቸውን አገሮች ይጠይቃል። ኩርሙክን ተሻግሮ ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ሱዳንንም መጻፍ አለበት። ድሮ ፍርድ ቤት የዘጋው ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ይዞ ይቅረብ። የተሳሳተ ወይም የተጓደለ መረጃ ራሱን ችሎ መከልከያ ምክንያት ነው፤ በውሸት የተዘጋ በር ደግሞ በእውነት ከተዘጋው ይልቅ ለመክፈት ያስቸግራል።

ማንጎውና ቋንጣው

የአሶሳ ማንጎ ጣዕም ለእናንተ አይነገርም። በወቅቱ የሄደ ሰው በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ሲሸጥ ያያል፤ አክስት ደግሞ መርጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ የመጣ ትኩስ ማንጎ አሜሪካ አይገባም። ቋንጣም በእንስሳት በሽታ ምክንያት የተከለከለ ነው። በርበሬና ሽሮ አብዛኛውን ጊዜ ታይተው ያልፋሉ፤ ቢሆንም ማሳወቅ ግድ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አንዲት መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ የተሰጣትን አንድ ፖም በቦርሳዋ ይዛ ሳታሳውቅ በመግባቷ 500 ዶላር ተቀጥታለች። የታመነ መንገደኛ ከሌላው ይበልጥ ይጠየቃል፤ አንድ ጥፋት የአምስት ዓመቱን ፈቃድ ሊያሰርዝ ይችላል።

ስለ ወርቅና ስለ ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ። ወርቅ የምድራችን በረከት ነው፤ ለሙሽራ መሸለሙም ባህላችን ነው። ከውጭ ገዝታችሁ ወይም በስጦታ ተቀብላችሁ የምትገቡት ዕቃ ከ800 ዶላር ካለፈ፣ ወይም ቤተሰቡ በጋራ የያዘው ጥሬ ገንዘብ ከ10,000 ዶላር ከበለጠ አሳውቁ። መያዙ ጥፋት አይደለም፤ መደበቁ ነው ጥፋቱ።

የአገር ቤቱ በር

አሁን ወደ ቦሌ እንምጣ። ግሎባል ኤንትሪ ቦሌ ላይ አይሠራም፤ እዚያ የሚሠራው በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ ቤት ማፍራትም ይችላል። የማይፈቀድለት መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ በመደበኛነት መቀጠር ነው። መብቱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሁሉ ነው።

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ዜግነት ከቀየረ በኋላ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚገባ ሰው አለ። ሕግ መጣስ ነው። ጣጣውም ቦሌ ላይ አያበቃም፤ አሜሪካ የታመነ መንገደኛ ፈቃድ ስትሰጥ የየትኛውንም አገር የኢሚግሬሽን ሕግ መጣስ እንደ መከልከያ ታያለች። ሁለቱ በሮች የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ላይ የተበላሸ መዝገብ ሌላው ላይ ይጠብቀናል።

ቢጫ ካርድ ለማውጣት ትውልድን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የወላጆቻችን ትውልድ የልደት ሰርተፍኬት የለውም። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦች ወረቀታቸው ብዙውን ጊዜ ከቀያቸው ጋር ቀርቷል። የበርታ፣ የማኦና የኮሞ ቤተሰቦች ደግሞ ዘራቸውን በቃል ቆጥረው ነው የሚያስተላልፉት። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርት አትጣሉ። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት ሰብስቡ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ የአያትና የቅድመ አያት ስም፣ የተወለዱበትን ቦታና ዘመን ጽፋችሁ ያዙ። ከዚህ በኋላ የሚወለደው ልጃችሁ ማንነቱን ለማስረዳት የሚቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ኩርሙክ

ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ መሄድ ይበቃል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት የድንበር ውል የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎታል፤ ኩርሙክ የሚባል ከተማም በሁለቱም ወገን አለ። ሰው ከወገኑ ጋር የሚጋባበት፣ የሚገበያይበት፣ የሚቀባበርበት መንገድ ዓለም አቀፍ ድንበር ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚሁ በር ብዙ ሺህ ሰው ሸሽቶ ገብቷል፤ ለዚህም በክልላችን የኡራ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል። ከተሰደዱት ውስጥ ነፍሱን ይዞ ከመውጣት በቀር ሰነድ ለመሰብሰብ ጊዜ ያላገኘው ብዙ ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል፣ አገሮች በስምምነት የድንበር ነዋሪዎችን ለይተው እንቅስቃሴያቸውን እንዲያቀሉ በአንቀጽ 12 ይጠይቃል። የሚያስፈልገው የአገሮች ማጽደቂያ ስላልተሟላ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። የኩርሙክ ነጋዴና እናት ከእኛ ያላነሰ ሊታመኑ ይገባቸዋል። ሰላም ሲመለስ ነዋሪነታቸው ተመዝግቦ፣ አሻራቸው ተይዞ፣ በሕጋዊ ካርድ ወዲያና ወዲህ ሊሉ ይገባል።

ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ የማኅበረሰብ መሪዎች፣ የአንዱን ቅዳሜ ስብሰባችሁን ለዚህ ሥራ ስጡ። ኮምፒውተር የሚችሉ ወጣቶች ከአዛውንቶች አጠገብ ይቀመጡ፤ ስም ከስም ጋር ይመሳከር፤ የጎደለው ይጻፍ፤ የግሎባል ኤንትሪውም የቢጫ ካርዱም ቅጽ እዚያው ይሞላ። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ከቆንስላና ከመንግሥት ሰዎች ጋር ስትገናኙም የኩርሙክን ጉዳይ አንሱ። ለራሳችን ያገኘነውን፣ በእውነተኛ መዝገብ ታምኖ ማለፍን፣ በድንበር ላይ ላሉት ወገኖቻችን ያለመታከት እንጠይቅላቸው።