ከደብዳቤው በፊት ሂሳቡ

ከጥር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት፣ ልጃቸው አሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ባመለከተባቸው ቤቶች እንቅልፍ ይቀንሳል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዓታቸው ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ተቀምጠው የሚልኩት ኢሜይል እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ልጅ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ያድራል። እናት ለሌሊት ጸሎት ስትነሣ በልጇ በር ሥር ብርሃን ታያለች፤ አትጠይቅም። አባት ቁርስ ላይ «እህስ?» ይላል፤ መልሱ «ገና ነው» ይሆናል።

ጥበቃው ረጅም ነው። አብዛኛው ማመልከቻ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን፣ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪታወቅ ሚያዝያ ይደርሳል። ብዙ ቤተሰብ እነዚህን ወራት ስለ ገንዘብ ሳያወራ ያሳልፋቸዋል። ገና መልሱ ሳይታወቅ ስለ ወጪ ማንሣት ማሟረት ይመስላል። «መጀመሪያ ይቀበሏት እንጂ ገንዘቡ ከየትም ይመጣል» ይባላል። አባቶቻችን ግን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ። ደብዳቤው ከመጣ፣ አክስት እልል ካለች፣ ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ በሰከነ ልብ ማስላት የሚችል ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሂሳቡ የሚሠራበት ትክክለኛ ጊዜ ይኸው የመጠበቂያው ጊዜ ነው።

ሊመጣ የሚችለው መልስ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው «አልተቀበልንሽም» ነው፤ ያማል፣ ግን ግልጽ ነው። ሁለተኛው «ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነሽ» ነው፤ ሌሎች ቦታቸውን ሲለቁ ምናልባት ትጠሪያለሽ ማለት ነው። ሦስተኛው «ተቀብለንሻል፣ ወጪሽን ግን ራስሽ ቻይ» ነው። አራተኛው «ተቀብለንሻል፣ ወጪሽንም እንሸፍናለን» ነው። ቤተሰብ ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ልቡን ያዘጋጃል፤ አንዱ ሐዘን፣ አንዱ ደስታ ነውና። ቤት የሚያናጋው ግን ሦስተኛው ነው። የደስታ ደብዳቤ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የዕዳ ጥያቄ አለ።

እዚህ ላይ በማስተርስና በፒኤችዲ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ በተለይ በሳይንስና በምሕንድስና ዘርፎች የፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይነሣለታል፤ በማስተማር ወይም በምርምር ሥራ እያገዘም ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። አሲስታንትሺፕ የሚባለው ይህ ነው። ማስተርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለው ነው። ድጋፍ አለ የሚል ደብዳቤ ሲመጣም በደንብ ይነበብ። የትምህርት ክፍያው የተነሣው በሙሉ ነው ወይስ በከፊል? የጤና መድንና ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ክፍያዎችስ ተካተዋል? ወርኃዊው ክፍያ ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12? ለስንት ዓመት ነው ቃል የተገባው? የ9 ወር ክፍያ ከሆነ በክረምቱ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል የሚለው ከአሁኑ መታሰብ አለበት።

አሁን አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። አባት የባንክ ሠራተኛ፣ እናት መምህርት ናቸው፤ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ በወር 60,000 ብር እጃቸው ይገባል እንበል። ታላቋ ልጅ ተመርቃለች፤ ታናሽ ወንድሟ በግል ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ነው። ልጅቷ ለማስተርስ ተቀባይነት አገኘች፤ የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ ምግብና መድን ተደምሮ በዓመት 50,000 ዶላር ነው እንበል። ለስሌት እንዲመች አንዱን ዶላር በ150 ብር ብንይዘው የአንድ ዓመት ወጪዋ 7.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የዚህ ቤት የዓመት ገቢ 720,000 ብር ነው። ምንም ሳይበሉ፣ ምንም ሳይለብሱ ከ10 ዓመት በላይ ቢያጠራቅሙ ነው የአንድ ዓመት ወጪዋን የሚሸፍኑት። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ከሆነ ደግሞ ወደ 21 ዓመት ይጠጋል።

የዶላሩም ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በዚያ ጊዜ ልጁን ውጭ በራሱ ገንዘብ ያስተምር የነበረ ወላጅ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ በዶላር ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆንበት ተቃረበ። በምሳሌያችን ቤት ዶላር በ10 ብር ብቻ ቢጨምር፣ የሁለተኛው ዓመት ወጪ በ500,000 ብር ያድጋል።

«እዚያ ሄዳ እየሠራች ትማራለች» የሚለውም በቁጥር ይታይ። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። በሰዓት 15 ዶላር ይከፈላታል ብንል፣ በሳምንት 300 ዶላር፣ በ30 የትምህርት ሳምንታት 9,000 ዶላር ነው፤ ያውም ግብር ሳይቀነስ። ከ50,000 ዶላሩ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከተፈቀደው በላይ መሥራት ደግሞ ቪዛዋንና ትምህርቷን ያሳጣታል።

ከዚያ አሜሪካ ያለው አጎት ይታወሳል። ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የተባለውን ለቪዛ የሚያስፈልግ ሰነድ ከመስጠቱ በፊት፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን ማስረጃ ይጠይቃል። ቤተሰብ ወደ አጎት ይደውልና «ለወረቀት ያህል ስፖንሰር ሁናት» ይላል። አጎትም የእህቱ ልጅ ነችና ይፈርማል። ነሐሴ ላይ ልጅቷ ስትደርስ ግን የትምህርት ቤቱ የክፍያ ጥያቄ እውነተኛ ነው። አጎት የራሱ የቤት ዕዳና የራሱ ልጆች አሉት። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድር ለውጭ ተማሪ አይሰጥም፤ የግል አበዳሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ዋስ ይፈልጋሉ። ዋሱም ያው አጎት ነው። ልጅቷ መክፈል ካቃታት ዕዳው በእሱ ላይ ይወድቃል፤ የራሱ ስም በአበዳሪዎች ዘንድ ይበላሻል። ስንት የወንድምና የእህት ፍቅር በዚህ መንገድ እንደቀዘቀዘ ቤት ይቁጠረው። አጎትን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን «ለወረቀት» ነው ወይስ ለገንዘብ? ስንት ዶላር? ለስንት ጊዜ? ተመላሽ ነው ወይስ ስጦታ? ይህ በስልክ፣ በግልጽ፣ ልጅቷም ባለችበት መነገር አለበት።

ገና ከአገር ሳይወጣ የሚከፈለውም ቀላል አይደለም። ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች ምዝገባ ሥርዓት ደግሞ 350 ዶላር ይከፈላል። በ150 ብር ስናሰላው ሁለቱ ብቻ ከ80,000 ብር በላይ ናቸው፤ የአውሮፕላን ትኬት ገና አልተነካም። ቪዛው ቢከለከልም ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ስለ ቀነ ገደብም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት የቆየ ስምምነት አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ግብዣ የደረሰው ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ያ ቀን የተቀመጠው ተማሪው ሌሎቹንም ውሳኔዎች አይቶ እንዲመርጥ ነው። ስምምነቱ ግን ድጋፍ የሌለውን ግብዣ አይመለከትም። እንዲህ ያለው ግብዣ የራሱ ቀነ ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ ቦታ ማስያዣ ገንዘብም ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ማስያዣውን ከመክፈላችሁ በፊት ይመለስ እንደሆነና እንዳልሆነ አንብቡ።

ይሉኝታም እዚህ ቦታ ያስከፍለናል። ያለ ድጋፍ የተቀበሏት ልጅ ለትምህርት ክፍሉ «ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ፤ መምጣት እፈልጋለሁ፤ አሲስታንትሺፕ ወይም የክፍያ ቅናሽ የማገኝበት ዕድል አለ ወይ?» ብላ መጻፍ ትችላለች። ይህ ልመና አይደለም፤ በየዓመቱ የሚጠየቅ የተለመደ ጥያቄ ነው። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ካገኘችም ይህንኑ በትሕትና መጥቀስ ትችላለች። መልሱ «የለም» ቢሆን የምታጣው ነገር የለም። መግቢያውን ለአንድ ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነም ትጠይቅ፤ ሲፈቀድ ግን የገንዘብ ድጋፉም አብሮ መተላለፉን በጽሑፍ ታረጋግጥ።

መንገዱ አንድ ብቻም አይደለም። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ለቪዛ ግን ለአንድ ዓመት ኑሮ 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሂሳብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ገንዘቡ በየወሩ ለተማሪው ለራሱ የሚለቀቅ ነው። ኤራስመስ ሙንዱስ የተባለው የአውሮፓ ስኮላርሺፕ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ለኑሮ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ውድድሩ ግን ከባድ ነው። እዚሁ አገር እየሠሩ ማስተርስ መያዝና በኋላ ድጋፍ ላለው ፒኤችዲ ማመልከትም ብዙዎች የተጓዙበት መንገድ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ አንድ ምሽት ይቀመጥ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ቡና ይፈላ። በደብተር ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ። አንደኛው ምንም ሳንሸጥ መስጠት የምንችለው ነው። ሁለተኛው ልንበደረው የምንችለው፣ ከማን እንደሆነና መቼ እንደምንመልሰው ነው። ሦስተኛው ምንም ቢመጣ የማይነካው ነው፤ የታናሹ ትምህርት፣ የመኖሪያ ቤቱ፣ የእናት የሕክምና ገንዘብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተደምረው የቤቱ ጣሪያ ይሆናሉ። ደብዳቤው ሲመጣ ከዚያ ጣሪያ ጋር ይተያያል።

በዚያ ምሽት ልጁ ወይም ልጅቷ መኖር አለባቸው። ብዙ ወላጅ «ልጁ እንዳይሳቀቅ» ብሎ ዕዳውን ይደብቃል። ልጅ ግን ያውቃል። እናቱ ወርቋን እንዳወለቀች ያያል፤ አባቱ መኪናውን የሸጠው «ስላረጀ» እንዳልሆነ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ባዕድ አገር የሄደ ልጅ ትምህርቱ ቢከብደው መናገር ይፈራል፤ ቢታመም ይደብቃል፤ ያገኘውን ሥራ ሳይመርጥ ይይዛል። ቁጥሩን አብሮ የጻፈ ልጅ ግን «ይሄኛው ከአቅማችን በላይ ነው፤ ሌላውን እንጠብቅ» የሚለውን ቃል ራሱ ሊናገር ይችላል። ያን ጊዜ ውሳኔው ወላጅ የከለከለው ሳይሆን ቤተሰቡ የተስማማበት ይሆናል።

ደብዳቤው እስኪመጣና ሂሳቡ እስኪታይም ወሬው ከቤት አይውጣ። ዘመድ ሁሉ ከሰማ በኋላ «አንሄድም» ማለት ይከብዳል፤ ስንት ቤተሰብ ከአቅሙ በላይ የተበደረው ለትምህርቱ ሳይሆን ለሰው ዓይን ብሎ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ካሉ፣ ስልኩ በሌሊት ሲጮህ ልጅቷ ደብዳቤውን ታነባለች፤ ጠዋት ቁርስ ላይም አባቷ «እህስ?» ሲላት ተቀበሉኝ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደጎደለ ጭምር ትነግረዋለች።