ስለ ኢጣልያ ቋሊማና ስለ እንስላል

በመስቀል ፍላወር ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ከቅዳሴ ሳይቀር ከቍርባን መራቁን አይተው ተጨነቁ። ቢመረምሩ፥ ልጁ በባልንጀራው ቤት የኢጣልያ ቋሊማ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋራ በዳቦ በልቶ፥ የእሪያ ሥጋ መሆኑን የሰማው ኋላ ኖሯል። ስለ መብላቱ ከነፍስ አባቱ ጋራ ተነጋግሯልና በዚያ አንገባም። እኒህ እናት ወደ እኛ ያመጡት ጥያቄ ሌላ ነው። «መምህር፥ ልጄ ጣዕሙን አልረሳውም፤ ደብቆ በውጭ ከሚበላ እኔ በቤቴ ብሠራለት ነውር አለበትን?» አሉን።

ሥጋው የበሬ ከሆነ ነውር የለበትም። ቤተ ክርስቲያናችን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቍጥር 7 የተጻፈውን ትጠብቃለች፤ እሪያ ሰኰናው ስንጥቅ ቢሆንም አያመሰኳምና። ቋሊማ ራሱ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የበሬ ሥጋ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋራ በአንጀት ተሞልቶ ለበዓል ይቀርባል። ከኢጣልያ መጣ ተብሎም የሚጣል ነገር የለም። ጎረቤታችን ካዛንቺስ እንኳ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የኢጣልያ ድርጅት ነው፤ ጠላት ሄደ፥ ስሙም ፓስታውም ቀረ። ቃሪያማ ለእነርሱም ለእኛም መጤ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከተሻገረ በኋላ ከአሜሪካ የመጣ ነውና።

እኛ ከመቅመስ በቀር የወጥ ቤት ሙያ ስለሌለን፥ በሆቴል ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ጠየቅን። ሽማግሌውም ሣቁና፥ «ልጁን የማረከው እሪያው አይደለም፤ እንስላሉ ነው» አሉን። ኢጣልያኖች በቋሊማቸው ብዙ ጊዜ የሚጨምሩት ቅመም የእንስላል ፍሬ ነውና፤ በየጓሮው ሲበቅል የምናውቀው ያው እንስላል ማለት ነው።

ከጾም ውጭ በሆነ ቅዳሜ ከእኒህ እናት ቤት ሄድን። 750 ግራም ቀይ ሥጋና 250 ግራም ጮማ አብሮ ተፈጨ፤ የበሬ ሥጋ ስብ ካነሰው እንደ ቋንጣ ይደርቃል። 3 ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ 2 የሻይ ማንኪያ የታመሰና የተሰለቀ የእንስላል ፍሬ፥ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፥ 4 ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ገባበት። አንጀት ስላልነበረን በእጅ እንደ ጣት ተድበልብሎ አንድ ሰዓት በማቀዝቀዣ ቈየ። ቋሊማ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ግን «የበሬ» ተብሎ ቢጻፍበትም የተሞላበት አንጀት የምን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የእሪያ አንጀት የሚሆንበት ጊዜ አለና።

ሥጋው በጥቂት ዘይት ዙሪያውን ተጠብሶ ወጣ። እዚህ ላይ እኒህ እናት 3 ራስ ሽንኩርት እንደ ልማዳቸው አድቅቀው ሊከትፉ ጀመሩ። ከለከልናቸው። ይህ ቍሌት አይደለም፤ ሽንኩርቱም የፈረንጅ ቃሪያውም በቁመቱ ተሰንጥቆ፥ ሥጋው በተወው ስብ ላይ ተከድኖ በቀስታ ይለሰልሳል እንጂ አይቁላላም። «ሽንኩርት ሳላቁላላ ድስት ጥጄ አላውቅም» እያሉ ጥቂት አጕረመረሙ፤ እኛም ሙያ በሌለን ነገር ስለ ደፈርን ጥቂት አፈርን። ሥጋው ተመልሶ ከግማሽ ስኒ ውኃ ጋራ 10 ደቂቃ ያህል በሰለ። የተፈጨ ሥጋ እንደ ክትፎ ለብለብ አይበቃውም፤ ተቈርሶ ቢታይ ከውስጡ ቅላት እስከማይገኝ ድረስ ይጠበቃል።

ልጁ ከውጭ ሲገባ ከደጃፉ ቆመ። «እማዬ፥ ይኸው ነው፤ ይኸው ሽታው!» አለ። እናቱ ዳቦ ቈርሰው ሰጡት፤ ራሳቸውም ቀመሱና ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሚጥሚጣ አመጡ።