የቤተሰብ ኩባንያ ድርሻ ርስት ነውን?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በምግብ አዳራሻችንም በመኝታ ክፍላችንም አንድ ክርክር ይሰማል። አባት ያቋቋመውን የግል ማኅበር ልጆች ሲካፈሉና አንደኛው ድርሻውን ሲሸጥ፣ ድርሻው እንደ ርስት ነውና መንግሥት ከዋጋው ዕድገት ላይ ግብር አይውሰድ የሚል ነው። እንዲህ የሚሉት ጓደኞቻችን ቅን ናቸው። የሚበዙት የነጋዴ ልጆች መሆናቸውንም የምናነሣው ለነቀፋ አይደለም። ሐሳባቸውን ግን አንቀበልም።

ርስት የሚለውን ቃል በጎጃም ምድር እንደ ቀልድ ማንሣት አይገባም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያመፀው የግብሩን ብር ብቻ ቈጥሮ አልነበረም፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰድብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ርስት የዘር ነበርና ለባዕድ አይሸጥም። ድርሻ ግን ከመነሻው በገንዘብ እንዲተመንና እንዲተላለፍ የተፈጠረ ነገር ነው። የዛሬው የባንጃና የፋግታ ለኮማ ገበሬስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭነው ይህ ገበሬ፣ የመሬቱ ዋጋ ቢያድግ የሚሸጠው ስለሌለው ከዕድገቱ ጥቅም አያገኝም። ታዲያ በዘር የሚሰጠው ምሕረት ለማን ሊሆን ነው?

እንግሊዝን ምሳሌ ያደርጉልናል። ደግ፣ እንግሊዝን እንመልከት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ማቃለያ የሻጩን የዘር ሐረግ አይጠይቅም፤ ከኩባንያው ቢያንስ 5 ከመቶ ድርሻ እንዲኖረውና በኩባንያው ውስጥ ሠራተኛ ወይም ሹም እንዲሆን ይጠይቃል እንጂ። አንድ ሰው በዕድሜ ልኩ የሚጠቀምበትም መጠን 10 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ የነበረው በ2020 ወደ 1 ሚሊዮን ወረደ፤ 10 ከመቶ የነበረው ግብርም በ2025 ወደ 14 ከፍ አለ። ምሳሌ የተባለችው አገር ራሷ እጇን እየሰበሰበች ነው።

የራሳችንን ሕግ ጉድለት ግን አንሸሽግም። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 286፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጡ፣ የንግድ ሕንፃ የሸጠ ከጥቅሙ 15 ከመቶ፣ አክሲዮን የሸጠ 30 ከመቶ እንዲከፍል ተደነገገ። ልብ በሉ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ያቆመ፣ ሰው ቀጥሮ ከሚያሠራ ማኅበር ድርሻ ያለው ሰው የሚከፍለውን ግማሽ ብቻ ይክፈል ማለት ነው! ገንዘብ ያለው ሰው ከፋብሪካ ይልቅ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በዋናው መንገድ ዳር ፎቅ መሥራት ቢመርጥ ምን ይደንቃል? አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የእኛ ክርክር ግን ከመቶው ቁጥር ይልቅ በውስጡ ካለው ሐሳብ ጋር ነው። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ከ100 በላይ ሄዷል። ቀድሞ የተገዛ ድርሻ በብር ሲቈጠር ያደገ የሚመስለው አንድም ብር በመድከሙ ነው። ጓደኞቻችን ከዚህ ባዶ ዕድገት ላይ ግብር አይወሰድ ብለው ቢሆን ኖሮ አብረናቸው እንፈርም ነበር።

እስኪ አንድ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባል ይጠይቅ ስለነበረ፣ አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም የቻለው በ2013ቱ ሕግ ነው፤ እስከዚያው ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈው የሚስት ወይም የእኅት ስም ስንት ጊዜ ለወረቀት ብቻ ነበር? በፋብሪካችን ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ተቀምጦ የዓመት ትርፉን ይቀበላል፤ እኅት ኩንታል እየቈጠረች፣ የሠራተኛ ደመወዝ እየከፈለች ዐሥር ዓመት ኖራለች። ሁለቱም ድርሻቸውን ቢሸጡ፣ በጓደኞቻችን ሐሳብ ሁለቱም እኩል ይማራሉ፤ ዘመድ ናቸውና። እኛ የምንጠይቀው ለእርሷ እንዲቃለልላት፣ እርሱ ሙሉውን እንዲከፍል ነው። ከዘመድ ያልሆነ፣ በላቡ ድርሻ የገዛ የወፍጮ ሠራተኛ ቢኖርም እንደ እርሷ ይቈጠርለት።

የሚቃወመን ካለ በሚመጣው እትም ይጻፍልን። የሕግና የሒሳብ መምህራኖቻችንም ዝም አይበሉን።