ባሕርን ከቤት ለማስገባት ገንዳው ይቅደም ወይስ ዓሣው?

ሰው የሌለውን መመኘቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። የቆላ ሰው ብርዱን፥ የደጋ ሰው ባሕሩን ይመኛል። ስለዚህ በአንኮበር ወረዳ በጎረቤላ ከተማ አነስተኛ ሻይ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ፥ ለእንግዶቹ መደሰቻ የሚሆን የጨው ውኃ ገንዳ ከነኮራሉና ከነባለ ቀለም ዓሣው ለማቆም እንዳሰበ ሲነግረኝ አልሳቅሁበትም። ምኞቱ መልካም ነው። ያልተስማማሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ለጀማሪ ትንሹ ይበቃል» ብሎ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለማሠራት መነሣቱ ነው። ይህ አስተሳሰብ የብዙ ሰው ስለሆነ ሐሳቤን በዚህ ዓምድ ለመግለጽ ወደድሁ።

አንኮበርና ባሕር ፈጽሞ የማይተዋወቁ አይደሉም። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ የሚደርሰው ከአንኮበር ሥር ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ጨውም በአፋሮች ግመል ተጭኖ በዚያ ይወጣ ነበር። ዳሩ ግን የገበያ ጨው በውኃ ቢበጠብጡት ባሕር አይሆንም። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው፥ ከዚህም ውስጥ 1,300 ሚሊ ግራም የሚጠጋው ማግኒዥየም፥ 400 ሚሊ ግራም ያህሉ ደግሞ ካልሲየም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በዚህ ካልሲየም ስለሆነ ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው መግዛት ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዳው መጠን እንምጣ። ትንሽ ውኃ ቶሎ ይለወጣል፤ ብዙ ውኃ ግን ቀስ ይላል። ለምሳሌ በደረቁ የበጋ ወራት ከገንዳው 2 ሊትር ውኃ ተነነ እንበል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። በ40 ሊትሩ ገንዳ የጨው ልክ ከ35 ግራም ወደ 37 ሲጠጋ፥ በ300 ሊትሩ ግን ከ35 ፈቀቅ አይልም። የሞተ ዓሣ መርዝም፥ የበዛ መኖም፥ የሌሊት ብርድም እንዲሁ ነው፤ በትንሹ ገንዳ ጥፋት የሚሆነው ነገር በትልቁ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ትንሹ ገንዳ የባለሙያ እንጂ የጀማሪ አይደለም። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ከ200 ሊትር ባያንስ፥ ቢቻለውም 300 ቢያደርሰው ይሻላል።

ቅርጹም ሊታሰብበት ይገባል። በጎረቤላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውኃ ደግሞ ከጣፋጩ፥ ሞቃቱም ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ ጠባብና ረጅም ከሆነ ገንዳ ይልቅ ሰፊና ዝቅ ያለው ይመረጣል፤ ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50፥ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ልክ 300 ሊትር ይይዛል። ሁለት ፓምፖች በአንድነት በሰዓት ከ3,000 ሊትር የማያንስ ውኃ ቢያዘዋውሩና አንደኛው የውኃውን ፊት ዘወትር ቢያናውጥ ዓሣው ይተነፍሳል። ይህ ሁሉ ከነድንጋዩና ከነመስተዋቱ 400 ኪሎ ስለሚጠጋ ቦታው ጠንካራ የሲሚንቶ ወለል ይሁን እንጂ ጣውላ አይሁን።

ኮራል የሚኖረው 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ነው። የአንኮበር ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። ለ300 ሊትር አንድ ባለ 400 ዋት ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት ባለ 200 መግዛት ብልህነት ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይደርሳልና፥ አንዱ አልጠፋ ቢልም ብቻውን ቶሎ አይቀቅለውም። መብራት ሲጠፋስ? 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ፥ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ፥ 20 ዋት የሚወስድ ፓምፕ አንድ ሙሉ ቀን ያሠራል። ማሞቂያዎቹ ግን ያንኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሱታል። ስለዚህ ባትሪው ለፓምፑ፥ ብርድ ልብስ ለገንዳው መሆን አለበት። በዚህም ጊዜ ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዘው ትልቁ ገንዳ ነው።

«ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ» እንዲሉ፥ ከዕቃው ሁሉ የውኃ ማጣሪያው ሊናቅ አይገባም። ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርድ የዝናብ ውኃ ዚንክ ስለሚያጥብ ለኮራል መርዝ ነው። ጥሩው ማጣሪያ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሁለትና ሦስት ሊትር ወደ ውጭ ስለሚጥል፥ የተጣለውን ለዕቃ ማጠቢያ ማዋል ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ የጨው ልክ መለኪያና ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ ይመጣሉ። መብራቱ የመጨረሻው ነው። በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛው እንዲለወጥ ካስፈለገ፥ የ300 ሊትሩ ገንዳ በዓመት 55 ኪሎ ያህል ጨው እንደሚበላም አስቀድሞ ማስላት ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላም በኋላ ዓሣ አይገባም። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ፥ የሞተ ዓሣ ተለቅሞ አይመለስም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ለሀብታም ካልሆነ ለማን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን «እንግዲያው ትንሹን ግዛ» የሚል አይደለም። አቅም ያነሰው ሰው የባሕሩን ገንዳ አሳንሶ ከሚይዝ የጣፋጭ ውኃ ገንዳ ቢይዝ ይሻለዋል። ወርቃማው ዓሣ ብርድ ይችላል፤ ማሞቂያም የባሕር ጨውም አይጠይቅም። ውኃ መለካትን፥ መኖ መመጠንን፥ መታገሥን ያስተምራል። እንዲህ ያለው ገንዳ በሻይ ቤትም በትምህርት ቤትም ቢቆም የሚያኮራ ነው፤ ዓሣው ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ብቻ መጠንቀቅ ይገባል።

ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታይ እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 የጀመረው የባሕር ሙቀት በብዙ አገር ኮራሎችን አንጥቷል። ድንጋያማ ኮራሎች ከአገር ወደ አገር ሲሸጡ ፈቃድ የሚጠየቀው፥ ኢትዮጵያም በገባችበት በሳይቲስ ስምምነት መሠረት፥ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ፍጥረት ከሞቃት ባሕሩ አውጥቶ ወደ ብርዳማ ደጋ የሚያመጣ ሰው፥ አስቀድሞ ኃይሉን፥ ውኃውንና ገንዳውን ያዘጋጅ፤ ዓሣውን ኋላ ይጥራው። ይህን ለማድረግ የማይችል ከሆነ ባሕሩን በባሕርነቱ ቢተወው ለኮራሉም ለኪሱም ይበጃል።