«ሰው ያውቃል»

ባለፈው ወር ወልቂጤ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ብድግ ብለው «ውሻ ያላችሁ እባካችሁ እሰሩልን፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄድ ፈሩ» አሉ። ገና ሳይቀመጡ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው «የእኔ ውሻ እንኳን ሰው ያውቃል» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኚህ ሰው ግቢያቸውን በብሎኬት አጥረው በሩን ከጠዋት እስከ ማታ ወለል አድርገው የሚተዉ ናቸው። ተሳቀ። ሰብሳቢው ወደ ድንኳኑ ኪራይ አለፈ።

እኔ ማለፍ አቃተኝ። ሰው ያውቃል! ማንን ነው የሚያውቀው? ማንስ አስተዋወቀው?

የውሻው ስም መቻል ነው። ለምን እንዲህ ተባለ እያልሁ ስገረም ኖሬ ነበር፤ ለካ የሚችለው ጎረቤቱ ነው። ለሱብሂ ሶላት በጨለማ የሚወጣው ጎረቤቴ በሁለት እጁ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ኪዳን የሚያደርሱት እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ከዘራ ይዘው ይወጣሉ፤ ከዘራው ለወገባቸው አይደለም። መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ተጠባብቀው አብረው እንዲወጡ ያደረገ መቻል ነው፤ ይህን ውለታውን አልክድም። የባጃጁ ልጅ እዚያ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክረምት ላይ ውሻው ጎማው ላይ ሲዘልበት መሪውን ጠምዝዞ፣ ሁለት ተሳፋሪ እንደጫነ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከጀፎረ ነው የመጣው። በጉራጌ ገጠር፣ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ በተሰለፉበት በዚያ ሰፊ ሣራማ ጎዳና ላይ ያደገ ውሻ በእርግጥም ሰው ያውቃል። የሚያልፈው ያው አጎት፣ ያችው ቆጮ ሻጭ፣ ያው የጎረቤት ልጅ ነው። ወልቂጤ ግን ጀፎረ አይደለችም። የጅማ መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከየአገሩ ይመጣል፤ በየመስከረሙ ደግሞ ግማሽ መርካቶ ይወርድባታል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣውን የወንድሜን ልጅ መቻል በምን ያውቀዋል? መታወቂያ ይጠይቀው ይሆን?

መስቀልን ካነሳን፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚውለው የበሽታውን ክትባት ያገኘው ፓስተር በሞተበት ዕለት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ያን ቀን ጉራጌ ምን ላይ እንዳለ ለአንባቢ አልነግርም። ሥጋው ጓዳ፣ አጥንቱ ደጅ። በዚያ አጥንት ላይ የሰባት ሰፈር ውሻ ተሰብስቦ ሲናከስ ያድራል። እብደቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲህ ባለ ግብዣ ነው፤ መቻልም ከታዳሚዎቹ አንዱ ነው። ጠዋት ደረቱን ነፍቶ ሲመለስ ማን እንደነከሰው ጌታው አያውቁም።

ውሻው ሰው ያውቃል እንበል። ምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስስ? የታመመ ውሻ ለሃጩን ማዝረብረብ ከመጀመሩ ቀናት በፊት፣ ገና ጭራውን እየቆላ፣ በሽታውን ማስተላለፍ ይችላል። ካበደ በኋላ ደግሞ ጌታውንም አይለይ፤ ቀድሞ የሚለክፈው አጠገቡ ያለውን፣ ብዙ ጊዜም ያሳደገውን ሰው ነው። «ባሳደግሁት ውሻ ተነከስሁ» የሚለውን ተረት ያወጡት አባቶቻችን ከውሻ ጋር የኖሩ ሰዎች አይደሉም እንዴ? ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ፣ ሕመምተኛው ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ከተዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያድን ሐኪም የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ለአገራችን የወጣው ግምት በዓመት ከ2,700 ይበልጣል። ከሚሞቱት መካከል ብዙ ልጆች አሉ፤ ከውሻ አፍ ጋር ቁመታቸው የሚተካከል ልጆች።

አምና ቡታጅራ የሆነውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባቷን ተነከሰች። ዳቦው በፌስታል እንዳለ በእጇ ነበር፤ አልጣለችውም። የነከሳትን ውሻ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማን ግቢ እንደሚያድር፣ ማን እንጀራ እንደሚሰጠው። እህቴ ሄዳ ስትጠይቅ ሰውየው ደጃቸው ላይ ቆመው «የሰፈር ውሻ ነው፣ የእኔ አይደለም» አሏት። ሌባ ሲመጣ የእሳቸው፣ ልጅ ሲነክስ የሰፈሩ! በማግስቱ ውሻው ራሱ ጠፋ። የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ቢጠበቅ፣ ደኅና ከሆነ ልጅቷ ከቀረው መርፌ ትድን ነበር። የጠፋ ውሻ ግን አይጠበቅም። አንድ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ክትባቱ አልቋል ተባሉ። አዲስ አበባ ድረስ ወሰዷት። ጥንት ፓስተር ኢንስቲትዩት ተሂዶ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው፣ ከበግ አንጎል የሚቀመመው መድኃኒት እንደነበረ አያቷ በመኪናው ውስጥ ልጅቷን ሊያጽናኑ አወሩላት። ልጅቷ የባሰ አለቀሰች።

ሐኪሞቹ ቁስሉ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ወልቂጤ ላይ 15 ደቂቃ የሚወርድ ውሃ ያለው ማን ነው? የከተማችን የውሃ ችግር አገር ያወቀው ነው። ውሻ ከመልቀቃችን በፊት ጀሪካኖቻችንን ብንቆጥር ምን አለበት?

ሕጉም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ አምልጦኝ ነው ማለት፣ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልጠረጠርሁም ማለት አያድንም። በተራ አማርኛ፣ «ሰው ያውቃል» ፍርድ ቤት አይሠራም። የሚሠራው እድር ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ስለሚያስቅ።

ጅቡስ፣ ሌባውስ ይሉኛል። ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ ፍቱት፤ ጅቡም ሌባውም የሚመጣው ወደ ግቢያችሁ ነው እንጂ ዳቦ ቤቱ ጋ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት መርዝ ይበትን የሚሉትን ደግሞ አልሰማቸውም፤ የሚፈለገው ከአሥር ውሾች ሰባቱን መከተብ ነው። ለመከተብ ግን ውሻው የሚገኝበት ቤትና «የእኔ ነው» የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

ከስብሰባው ስመለስ ጨልሞ ነበር። መቻል ከበሩ ወጥቶ፣ እንደ ልማዱ፣ ተረከዜ ላይ እየጮኸ እስከ አጥሬ ድረስ ሸኘኝ። ፊት ለፊቱ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጌታው ከበረንዳቸው «አይዞህ፣ አይነክስም!» ብለው ጮኹ። በሩን ግን አልዘጉትም።