የመጀመሪያው ስህተት በማን ክንድ ላይ ይሁን?

አምና እናቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ደም ሊቀዳ የመጣው ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ወጋ፣ አጣው፤ ደገመ፣ አሁንም አጣው። በሦስተኛው እኔ ልቆጣ ስል እናቴ ቀደመችኝና «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል» አለችው። እኔ ግን ኮልፌ እስክንደርስ ተናድጄ ነበር። ለመሆኑ ይሄ ልጅ የት ይማር?

ውድ አንባብያን፣ ችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለው በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ ነው። ለተማሪዎች የአንድ በሽተኛ ችግር ይሰጣቸዋል፤ በቡድን ተወያይተው መንስኤውንና መፍትሔውን ይፈልጋሉ። እኛም አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምር ይህንኑ መንገድ በሥርዓተ ትምህርቱ አካቷል። ጥሩ ነው። ግን ውይይት ጭንቅላትን እንጂ እጅን አያስተምርም።

የሰው አምሳያ አሻንጉሊት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ሌርዳል «ሪሰሲ አን»ን ለትንፋሽ ማዳን ሥልጠና ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዛሬ ደግሞ «ማማናታሊ» የምትባል አለች፤ አሠልጣኙ ሆዱ ላይ ታጥቋት ወላድ ሆኖ ይናገራል፣ «ደም»ም ይፈሳል። የተወያዩበትን ችግር እዚያው በእጃቸው ይሞክሩታል። ቢሳሳቱ ማንም አይሞትም።

«ውድ ነው፣ ደግሞም አሻንጉሊት አያመውም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን ነበር። ስሜቱን ያጣ እጅ ያለውን፣ ሰው የሸሸውን በሽተኛ ሳይሸማቀቁ መጨበጥን የትኛውም ፕላስቲክ አያስተምርም። ውድነቱን በተመለከተ ግን፣ ደም መቅዳት ለመለማመድ ኮምፒውተር የተገጠመለት አሻንጉሊት አያስፈልግም፤ የፕላስቲክ ክንድ ይበቃል።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማረውስ? መጀመሪያ እርስ በርሳችን ቃለ መጠይቅ አድርገን አይደል ሐዘን የገባው ሰው ቤት የምንላከው? የክፍል ጓደኛዬን ብበድል ይስቅብኛል፤ ሐዘንተኛዋን ብበድል ግን አልክሳትም።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው፣ አሻንጉሊቱ በሽተኛውን አይተካ፤ ይቅደመው ብቻ። ተማሪው መርፌ አያያዙን ከፕላስቲኩ ክንድ ይማር። «አይዞህ» መባልን ሳይሆን «አይዞዎት» ማለትን ደግሞ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ይማር።