«አስቸኳይ» ማለት ለማን?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ የፈሰሰው ጤፍ ከሆነ፣ ግማሹ ከአፈር ጋር ቢቀላቀልም፣ ተለቅሞ ይነፋል፡፡ ከኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚያፈተልክ ጨረር ግን አይለቀምም፡፡ ስለዚህ «የደህንነት ግዴታዬ ይለወጥልኝ፣ ያውም በአስቸኳይ» የሚል ማመልከቻ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም፡፡ የሕግም ጥያቄ ነው፡፡

ነገሩ ለእኛ ሩቅ ይመስል ነበር፡፡ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር በኑክሌር ማመንጫ ግንባታ ለመተባበር የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ፈርማለች፡፡ እንግዲህ በዘርፉ ረዥም ልምድ ያላት አሜሪካ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል በሕግ እንዴት ለመግራት እንደሞከረችና የት ላይ እንደተሰናከለች ማየቱ ይጠቅመናል፡፡

በአሜሪካ የማመንጫ ባለቤት በሥራ ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን የደህንነት ግዴታ በራሱ ሥልጣን መለወጥ አይችልም፡፡ ለኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ያመለክታል፡፡ መንገዱ ሦስት ነው፡፡ በመደበኛው መንገድ ማመልከቻው ለሕዝብ ይገለጻል፣ ለአስተያየትም 30 ቀን ይሰጣል፡፡ ጉዳዩ ሲያጣድፍ ይህ ጊዜ ያጥራል፡፡ «ድንገተኛ» ሲባል ደግሞ ማሻሻያው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊጸድቅ ይችላል፡፡ በአቋራጭ ለመሄድ ግን ለውጡ ቀደም ሲል የተጠና አደጋ የመድረስ ዕድሉን ወይም ጉዳቱን በጉልህ የማይጨምር፣ አዲስ ዓይነት አደጋ የማይፈጥር፣ የደህንነት መጠባበቂያውንም በጉልህ የማይቀንስ መሆን አለበት፡፡

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ደንቡ «ድንገተኛ» ለሚለው ቃል የሰጠውን ትርጉም ነው፡፡ እኛ ድንገተኛ ሲባል የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የወደቀ ይመስለናል፡፡ በደንቡ ግን ድንገተኛ የሚባለው ኮሚሽኑ ፈጥኖ ካልወሰነ ማመንጫው የሚቆም ወይም ኃይሉን የሚቀንስ፣ ቆሞ ከነበረም ሥራ ለመጀመር የማይችል ሲሆን ነው፡፡ በቀላል አነጋገር ጥድፊያው የአምራቹ እንጂ የጎረቤቱ አይደለም፡፡ ደንብ አውጪው ይህን ስለተረዳ አንድ ቁልፍ አበጅቷል፡፡ ባለፈቃዱ ችግሩ ለምን እንደተፈጠረና ለምን ሊያስቀረው እንዳልቻለ ማስረዳት አለበት፡፡ በወቅቱ ማመልከት ሲገባው ዘግይቶ ችግሩን ራሱ የፈጠረ ከሆነ አቋራጩ ይዘጋበታል፡፡ ማንም በራሱ ጥፋት አይጠቀምም የሚለው የቆየ የሕግ መርህ በተግባር ሲተረጎም ይህን ይመስላል፡፡

ይህ ሕግ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1979 በስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ በ1980 ኮሚሽኑ በሬአክተሩ ሕንፃ ውስጥ የታመቀው ክሪፕቶን የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ወደ አየር እንዲለቀቅ ፈቀደ፡፡ የአካባቢው ሰዎች አስቀድመን እንሰማ ብለው ቢጠይቁም አልተሰሙም፡፡ በዚያው ዓመት የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመሰማት መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደ፡፡ ኮንግረስ ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1983 በጸደቀ ሕግ፣ ጉልህ አደጋ የሌለው ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሎ ክርክሩ በኋላ እንዲሰማ ለኮሚሽኑ ሥልጣን ሰጠው፡፡ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1986፣ «እናቶች ለሰላም» የተባለው የካሊፎርኒያ ማኅበር ኮሚሽኑን ከሶ ረታው፡፡ በዲያብሎ ካንየን ማመንጫ ያገለገለ ነዳጅ የሚቀመጥበት ገንዳ ከበፊቱ የበዛ ነዳጅ እንዲይዝ ሲፈቀድ፣ ሕዝቡ መሰማት የነበረበት ከፈቃዱ በፊት ነው ተባለ፡፡

እውነተኛ ጥድፊያ የለም አልልም፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተረኛ ሠራተኛ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ሲሰጋ፣ በሰባት ቀን 72 ሰዓት የነበረው የሥራ ጣሪያ እስከ 86 ሰዓት ከፍ እንዲልላቸው ማመንጫዎች ቢጠይቁ ኮሚሽኑ ለ60 ቀን በፍጥነት እንደሚፈቅድ አስታወቀ፡፡ የደከመ ተረኛ ራሱ አደጋ ስለሆነ ውሳኔው ቀላል አልነበረም፡፡ ሆኖም ምክንያቱ ከባለቤቶቹ ቁጥጥር ውጪ ነበር፤ ጣሪያም ማብቂያ ቀንም ነበረው፡፡

የዚህ ተቃራኒ በኦሃዮ በሚገኘው ዴቪስ ቤሴ ማመንጫ የታየው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ኮሚሽኑ እንዲህ ያሉ ማመንጫዎች በሬአክተሩ ክዳን ላይ ያሉትን ቱቦዎች እስከ ዓመቱ ማብቂያ እንዲመረምሩ ፈለገ፡፡ ባለቤቱ ኩባንያ ነዳጅ እስኪቀየር ልቆይ አለ፡፡ ጥያቄው ደንብ ይቀየርልኝ ባይሆንም መንፈሱ አንድ ነው፡፡ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች የመዝጊያ ትዕዛዝ አርቅቀው ነበር፤ በመጨረሻ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2002 እንዲሠራ ስምምነት ተደረሰ፡፡ በማርች ክዳኑ ሲታይ ቦሪክ አሲድ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ብረት በልቶ ጨርሶታል፡፡ በዚያ ቦታ የሬአክተሩን ግፊት ይዞ የቀረው አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ነበር፡፡ የኮሚሽኑ ዋና ኢንስፔክተር በኋላ ባወጣው ሪፖርት፣ ጊዜው የተራዘመው በአብዛኛው የኩባንያውን ኪሳራ ለመቀነስ በመፈለግ እንደሆነ ገለጸ፡፡ ማመንጫው ሁለት ዓመት ተዘጋ፡፡ ኩባንያውም በ2006 ከመንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፡፡ ጥቂት ሳምንታት ለማትረፍ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ ሽፋኑ ቢቀደድ ኖሮ የሚከፈለውን ማሰብ ለአንባቢ ይተዋል፡፡

አሁን ጥድፊያው ከኩባንያ አልፎ ከቤተ መንግሥት መምጣት ጀምሯል፡፡ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 23 ቀን 2025 ባወጡት ትዕዛዝ ኮሚሽኑ ደንቦቹን ከልሶ በ18 ወር ውስጥ እንዲጨርስ፣ በአዲስ ሬአክተር ማመልከቻ ላይም ከ18 ወር ባልበለጠ ጊዜ እንዲወስን አዘዋል፡፡ ትንሽ ጨረርም ቢሆን በመጠኑ ይጎዳል የሚለው የቆየ የጥንቃቄ ስሌት ዳግም እንዲታይ፣ የሕዝብ መስሚያ ሥርዓቱም እንዲፋጠን ጠይቀዋል፡፡ በተከታዩ ወር ክሪስቶፈር ሃንሰን የተባሉትን ኮሚሽነር አሰናብተዋል፡፡ የትዕዛዙ ደጋፊዎች ቁጥጥሩ ተንዛዝቶ ዘርፉን አንቆታል ይላሉ፤ አቤቱታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፡፡ ነገር ግን «ጥድፊያውን ራስህ አልፈጠርክም ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው አመልካች ነበር፡፡ አጣዳፊው ሿሚውና ሻሪው ሲሆን ይህን ጥያቄ ማን ደፍሮ ያቀርባል?

ለእኛ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፡፡ በአገራችን ማመንጫውን የሚያስገነባውም፣ የተቆጣጣሪውን ኃላፊ የሚሾመውም ያው መንግሥት ነው፡፡ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ማስገደዱ መልካም መነሻ ነው፡፡ ለኑክሌር ግን አይበቃም፡፡ «አስቸኳይ» ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስነው፣ ለስንት ቀን እንደሚጸናና የአካባቢው ነዋሪ መቼ እንደሚሰማ የመሠረት ድንጋይ ሳይጣል በሕግ መጻፍ አለበት፡፡ ማመንጫው ሥራ ከጀመረ በኋላማ፣ መብራት ይጠፋል የሚለው ስጋት ብቻውን ሁሉንም ነገር አስቸኳይ ያደርገዋል፡፡